የመኪና ዐይን ምስክርነትና የዳኛ ሚዛን

ፍርድ የሚቆመው በማስረጃ ነው። ዳኛ ምንም ያህል ዐዋቂ፥ ምንም ያህል እግዚአብሔርን የሚፈራ ቢሆን፥ ባልነበረበት ቦታ የተፈጸመውን ነገር የሚያውቀው ያየ ሰው ሲነግረው፥ ወይም በቦታው የቀረው ምልክት ሲያመለክተው ብቻ ነው። ከጥንት ጀምሮ ሕግን የሠሩ ሰዎች ስለ ዳኛ ጠባይ ካደረጉት ጥንቃቄ የማያንስ ጥንቃቄ ስለ ምስክር ጠባይ ያደረጉት ስለዚህ ነው። የኦሪት ሕግ የአንድ ሰው ምስክርነት ብቻውን ለፍርድ እንዳይበቃ አድርጓል። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ዳኞችና ስለ ምስክሮች በሰፊው ደንግጓል። በኢትዮጵያም በበላ ልበልሃ ሙግት ዘመን ተሟጋቹ እማኙን ቈጥሮ ያቀርብ ነበር፤ ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደ ሆነም የአገሩ ሰው በአውጫጭ ተሰብስቦ የሚያውቀውን እንዲናገር ይገደድ ነበር። የዘመኑ መልክ ይለዋወጥ እንጂ ጥያቄው ምን ጊዜም አንድ ነው፤ ይኸውም የሆነው ነገር በእውነት እንዴት ሆነ የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ በመኪና አደጋ ጊዜ እንደሚከብድ በሌላ ጕዳይ አይከብድም። የርስት ክርክር ቢነሣ ድንበሩን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ ሽማግሌ ይገኛል፤ የብድር ክርክር ቢሆን ውሉና ዋሱ አለ። የመኪና ግጭት ግን ዐይን ተከድኖ እስኪገለጥ የሚፈጸም ነገር ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከ16 ሜትር በላይ ይነጕዳል። በመንገድ ዳር የቆመው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዘወር የሚለው ድምፁን ከሰማ በኋላ ነው፤ ስለዚህ የሚያየው የነገሩን መጨረሻ እንጂ መጀመሪያውን አይደለም። ቀርቦ ሲጠየቅ ግን ያላየውን መጀመሪያ ካየው መጨረሻ ተነሥቶ በግምት ይሞላዋል። ይህን የሚያደርገው ሐሰተኛ ስለ ሆነ አይደለም፤ የሰው ልቡና ጐዶሎውን ነገር ሞልቶ የማየት ልማድ ስላለው ነው። ነጂዎቹም ቢሆኑ ከድንጋጤ የተነሣ የሆነውንና ሊሆን ይገባው የነበረውን እየቀላቀሉ ይናገራሉ። በዚህ ላይ ለወዳጅ ማድላትና ቅጣትን መፍራት የተጨመረበት እንደ ሆነ እውነቱ ገና ደሙ ሳይደርቅ ይሸፈናል።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ በገባ ጊዜ የሚጋጨው ሌላ አውቶሞቢል አልነበረም። ዛሬ ግን የመንገድ አደጋ የዓለም ሁሉ ኀዘን ሆኗል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ በመንገድ አደጋ በየዓመቱ ወደ 1.19 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች እንደሚሞቱ አስታውቋል፤ ከእነዚህም ከመቶ 92ቱ የሚሞቱት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ነው። ከእያንዳንዱ ሞት በስተኋላ የሚያለቅስ ቤተሰብ አለ፤ የሚከሰስ ነጂ አለ፤ በሁለቱ መካከል የተቀመጠ ዳኛም አለ። ዳኛው ተሳስቶ የፈረደ እንደ ሆነ በመጀመሪያው አደጋ ላይ ሁለተኛ አደጋ ተጨመረ ማለት ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ችግር አስቀድሞ ተመልክቶታል። በቍጥር 2081 መሠረት የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጕዳት ኀላፊ ነው፤ እርሱ ራሱ ጥፋት የለብኝም ማለቱ ብቻ አያድነውም። ሁለት መኪናዎች እርስ በርሳቸው የተጋጩ እንደ ሆነ ግን ቍጥር 2084 ሌላ ሥርዐት አቁሟል። በዚህም ሥርዐት ሁለቱ መኪናዎች ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደ ሆኑ ይገመታል፤ ጠቅላላው ኪሣራም ለሁለት ተከፍሎ እያንዳንዱ ባለቤት ግማሹን ይሸከማል። ይህ ግምት የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው የደረሰው በአንደኛው ነጂ ጥፋት መሆኑ የተረጋገጠ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ይህ ድንጋጌ ከብልህነት የመነጨ ነው። እውነቱ በማይታወቅበት ጊዜ ሸክሙን በአንዱ ላይ ከመጣል ለሁለት ማካፈል ይሻላልና። ዳሩ ግን የግማሽ ፍርድ ለሁለቱ ወገኖች እኩል አይሰማም። ለበደለኛው የግማሽ ዕዳ ምሕረት ነው፤ ላልበደለው ግን ቅጣት ነው። የራሱን መሥመር ይዞ ሲሄድ የተገጨ ሰው፥ ዕለት ሠርቶ ዕለት የሚበላ የታክሲ ነጂ ቢሆን፥ መኪናው ጋራዥ ቆሞ በሚውልበት ቀን ሁሉ እንጀራው ይቋረጣል፤ በዚያ ላይ የገጨውን ሰው ኪሣራ ግማሹን ክፈል ይባላል። ይህ የሚሆንበት ሕጉ ስለ ጨከነበት አይደለም፤ የሚያስረዳለት ስላጣ ነው።

በወንጀል ነገር ደግሞ ጕዳዩ ከገንዘብ ያለፈ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቍጥር 543 እንደ ነጂ ያለ፥ ሙያው የሰውን ሕይወት እንዲጠብቅ የሚያስገድደው ሰው በቸልተኝነት ሰው የገደለ እንደ ሆነ፥ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት እንዲቀጣ ያዝዛል። ነገር ግን ያው ሰው ግልጽ የሆነውን ደንብ ሆን ብሎ በመጣስ፥ ወይም በመጠጥ ራሱን አሳልፎ በመስጠት ያደረገው እንደ ሆነ ቅጣቱ ከ5 ዓመት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይሆናል። መብራቱ ቀይ ነበር ወይስ አረንጓዴ፤ እግረኛው በተሠመረለት መሻገሪያ ላይ ነበር ወይስ አልነበረም፤ በእነዚህ ጥቂት ሴኮንዶች መልስ ላይ የአንድ ሰው ዐሥር ዓመት ተንጠልጥሏል። የሟቹም ወገኖች እውነተኛውን ነገር የማወቅ መብታቸው በዚያው በጥቂቱ ሴኮንድ ላይ ተንጠልጥሏል።

በዚህ ዘመን ለዚህ ችግር የሚረዳ አንድ ትንሽ መሣሪያ ተገኝቷል። ሕዝቡ ዳሽካም ብሎ የሚጠራው ይህ መሣሪያ በመኪናው የፊት መስተዋት ላይ የሚለጠፍ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ማንሻ ነው። ሞተሩ ሲነሣ አብሮ ይነሣል፤ ከፊቱ ያለውን መንገድ ሁሉ ሳያቋርጥ ይቀርጻል። የቀረጸውን የሚያኖርባት ትንሽ ካርድ ስትሞላ የቀድሞውን እየደመሰሰ አዲሱን በላዩ ይጽፋል። ግጭት ወይም ድንገተኛ ፍሬን በተሰማው ጊዜ ግን ያን ጥቂት ደቂቃ ለይቶ እንዳይደመሰስ ይቈልፈዋል። አንዳንዱም የመኪናውን ፍጥነትና ያለበትን ስፍራ ከሳተላይት እየተቀበለ በሥዕሉ ግርጌ ይመዘግባል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ነጂው እጁን ሳያነሣ ነው።

የመሣሪያው ልማድ እጅግ ከተስፋፋባቸው አገሮች አንዷ ሩሲያ ናት። በዚያ ያሉ ነጂዎች መሣሪያውን የተከሉት በሐሰት ተገጨሁ ብሎ ካሣ ከሚጠይቃቸው ሰው ራሳቸውን ለመጠበቅ ነበር። ይሁን እንጂ የካቲት 8 ቀን 2005 ዓ.ም. ቼልያቢንስክ በተባለው ከተማ ሰማይ ላይ ከጠፈር የመጣ ድንጋይ እየነደደ ባለፈ ጊዜ፥ ማንም ሳያስበው በብዙ መኪናዎች ላይ የነበሩት እነዚህ ዐይኖች ነገሩን ቀርጸው ለሊቃውንት ምርምር አበረከቱ። ሰው ያልጠበቀውን ነገር ሊያይ አይዘጋጅም፤ መሣሪያው ግን ሳይመርጥ ሁሉን ይቀርጻል። ጥቅሙም ጕዳቱም ከዚሁ ጠባዩ የሚመጣ ነው።

ይህ ጥቅምና ይህ ጕዳት በሚዛን ላይ የወጡበት አንድ የታወቀ ሙግት በጀርመን አገር ታይቷል። ማግደቡርግ በተባለው ከተማ ሁለት መኪናዎች ጎን ለጎን ባሉ ሁለት መሥመሮች ወደ ግራ ሲታጠፉ ጎን ለጎን ተጋጩ። እያንዳንዱ ነጂ መሥመሩን የለቀቀው ያኛው ነው አለ። ዐዋቂ ተሹሞ መረመረና የሁለቱም ቃል ሊሆን የሚችል ነው ብሎ መለሰ። ከሳሹ በመኪናዬ ላይ የነበረው ዳሽካም የቀረጸው አለ፥ ይታይልኝ ብሎ አመለከተ። ዳኛው ግን ሥዕሉን ለማየት አልፈቀደም፤ ከሳሹም ቃሉን ማስረዳት አልቻለም ተብሎ የኪሣራው ግማሽ ብቻ ተፈረደለት። ይግባኝ ሰሚውም ፍርድ ቤት ይህን ፍርድ አጸና፤ ምክንያቱም በአገሩ ሕግ በመንገድ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ያለ ፈቃዱ ዘወትር መቅረጽ የተከለከለ ስለ ሆነ፥ በተከለከለ መንገድ የተገኘ ነገር ማስረጃ አይሆንም የሚል ነበር።

ነገሩ ወደ ላይኛው የፌዴራል ፍርድ ቤት ደረሰና ግንቦት 7 ቀን 2010 ዓ.ም. ውሳኔ ተሰጠበት። ፍርድ ቤቱ ያለ ማቋረጥና ያለ ምክንያት መቅረጹ በእውነት የሰውን የግል መረጃ የሚጠብቀውን ሕግ የሚጥስ መሆኑን አልካደም። ነገር ግን አቀራረጹ ሕግን መጣሱ ብቻውን ማስረጃው ከቶ እንዳይታይ አያደርግም፤ በየጕዳዩ የሁለቱ ወገኖች ጥቅም በሚዛን ይታያል ብሎ ወሰነ። ከዘረዘራቸውም ምክንያቶች አንዱ አደጋው የደረሰው በአደባባይ መንገድ ላይ ስለ ሆነ፥ በዚያ የሚሄድ ሰው ሁሉ ለሌሎች ዐይን በፈቃዱ ራሱን የገለጠ ነው የሚል ነው። ሁለተኛውም የመንገድ አደጋ በፍጥነት የሚፈጸም በመሆኑ ማስረጃ ለማግኘት ልዩ ችግር ያለበት መሆኑ ነው። ሦስተኛውም በአደጋ ውስጥ የገባ ሰው ማንነቱን እንዲገልጽ ሕጉ ራሱ የሚያስገድደው መሆኑ ነው። በመንገድ የነበሩት የሌሎች ሰዎች መብት ግን በመቀጮና በሌላ መንገድ ይጠበቃል እንጂ እውነትን ከችሎት በመዝጋት አይጠበቅም ተባለ። የቀድሞውም ፍርድ ተሽሮ ነገሩ እንደገና እንዲታይ ተመለሰ።

ከዚህ ሙግት ሁለት ትምህርት ይገኛል። መጀመሪያው፥ ማስረጃ በጠፋ ጊዜ ፍርዱ በግማሽ የሚቆም መሆኑ የአንድ አገር ችግር አለመሆኑ ነው፤ የማግደቡርጉ ነጂ የተፈረደለት ግማሽ በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቍጥር 2084 ከሚገኘው ግማሽ ጋር ወንድማማች ነው። ሁለተኛው፥ እውነትን መፈለግና የሰውን ግላዊ ኑሮ መጠበቅ እርስ በርሳቸው የሚጠፋፉ ጠላቶች አለመሆናቸው ነው። ያው ፍርድ ቤት እንዳመለከተው መሣሪያው አጭር ጊዜ ብቻ እየቀረጸ የቀድሞውን እንዲደመስስና ግጭት በደረሰ ጊዜ ብቻ እንዲያኖር አድርጎ መሥራት ይቻላል። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ በሰላም ያለፈው መንገደኛ ሥዕል ተደምስሶ ይቀራል፤ የተጋጩት ግን እማኛቸውን አያጡም።

በኢትዮጵያም ለዚህ ነገር መነሻ የሚሆኑ ሕጎች ወጥተዋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958 በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለሚገኝ ማስረጃ አቀባበል ደንግጓል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቍጥር 1205 አንድ መረጃ በኤሌክትሮኒክ መልክ ስለ ሆነ ብቻ ዋጋ እንዳያጣ አድርጓል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 ደግሞ የሰው መረጃ ለታወቀና ለተፈቀደ ጕዳይ ብቻ እንዲሰበሰብ፥ ከሚያስፈልገውም ጊዜ በላይ እንዳይቀመጥ የሚያዝዝ ነው። መሠረቱ ተጥሏል። ሆኖም አዋጅ በጋዜጣ መታተሙና በመንገድ ዳር የቆመው የትራፊክ ፖሊስ በሥራ ላይ ሊያውለው መቻሉ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ካርዲቱን ማን ይረከባል? በምን ይታሸጋል? ግልባጩስ ለማን ይሰጣል? ለእነዚህ ጥያቄዎች በየጣቢያው አንድ ዐይነት መልስ ሊሰጥ ይገባል።

ይህን ሥርዐት ለማቆም አስቀድሞ የመሣሪያውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም መሣሪያ አይዋሽም የሚለው አነጋገር ግማሽ እውነት ብቻ ነው። የመሣሪያው መስተዋት ሰፊ ቦታ እንዲያይ ሆኖ ስለ ተሠራ፥ ቅርብ ያለውን ነገር ከእውነተኛው ርቀቱ ይልቅ አርቆ ያሳያል። ሥዕሉን የተመለከተ ሰው ነጂው ፍሬን ለመያዝ በቂ ቦታ ነበረው ብሎ ሊፈርድ ይችላል፤ እውነቱ ግን እንደዚያ ላይሆን ይችላል። በሌሊት የመጪው መኪና መብራት ሥዕሉን ያነጣዋል፤ የሰሌዳውም ቍጥር አይነበብም። አንዳንዱ የትራፊክ መብራት ለዐይን በማይታይ ፍጥነት የሚበራና የሚጠፋ ስለ ሆነ፥ በሥዕሉ ላይ ጨርሶ የጠፋ መስሎ የሚታይበት ጊዜ አለ። ከሁሉም በላይ መሣሪያው የሚያየው ወደ ፊት ብቻ ነው፤ ከጎን የመጣውንና ከኋላ የገፋውን አያውቅም።

እንዲህም ሆኖ በዐዋቂ እጅ የገባ ሥዕል ብዙ ይናገራል። መሣሪያው በአንድ ሴኮንድ 30 ሥዕል የሚያነሣ እንደ ሆነ፥ በመንገዱ ዳር ባሉ ሁለት ምሰሶዎች መካከል ያለው ርቀት ተለክቶ 25 ሜትር ቢገኝ፥ መኪናውም ይህን ርቀት በ45 ሥዕል ውስጥ ቢያልፈው፥ የወሰደበት ጊዜ አንድ ሴኮንድ ተኩል ነው፤ ፍጥነቱም በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር መሆኑ በሒሳብ ይታወቃል። ይህን ለማወቅ ሜትርና ትዕግሥት ይበቃሉ። ስለዚህ ከፖሊስ መካከል ተመርጠው ይህን የሚማሩ ሰዎች ቢኖሩ፥ በየችሎቱ በግምት የሚደረገው ክርክር ይቀንሳል።

ሌላም በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ጥንቃቄ አለ፤ እርሱም የሰዓትና የቀን ነገር ነው። መሣሪያዎቹ የሚመጡት በውጭ አገር አቈጣጠር ተሞልተው ነው። የትራፊክ ፖሊስ አደጋው ከጧቱ በ2 ሰዓት ደረሰ ብሎ ሲጽፍ መሣሪያው 8 ሰዓት ብሎ ይመዘግባል፤ ዓመተ ምሕረቱም በ7 ወይም በ8 ዓመት ይበልጣል። ባለቤቱ ሰዓቱን ከቶ ሳያስተካክል የተወው እንደ ሆነ ደግሞ ከሁለቱም የማይገጥም ይሆናል። ይህን ያላወቀ ተሟጋች ሥዕሉ የሌላ ቀን ነው ብሎ ሊከራከር፥ ያላወቀ ጸሓፊም ሊያሳስት ይችላል። ፖሊሱ በአደጋው ቦታ መሣሪያው የሚያሳየውን ሰዓት ከራሱ ሰዓት ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን በመዝገቡ ላይ ቢጽፈው ግን ክርክሩ ገና ሳይወለድ ይሞታል።

የሐሰት ሥዕልም ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ዛሬ በኮምፒዩተር ረዳትነት ያልሆነውን እንደ ሆነ አስመስሎ መሥራት ይቻላል። ሥዕሉን ሳይለውጡም መጀመሪያውን ቈርጦ መጨረሻውን ብቻ በማቅረብ ማታለል ይቻላል። አንድ ነጂ ከፊቱ ያለፈውን ሰው አበሳጭቶና አሳድዶ፥ ያኛው ሲቈጣ ብቻ ያለውን ሥዕል ይዞ ቢቀርብ፥ ያሳየው ሁሉ እውነት ቢሆንም ነገሩ ሐሰት ነው። ስለዚህ የሚቀርበው የተመረጠው ክፍል ሳይሆን ካርዲቱ ራሷ መሆን አለባት። ካርዲቱን የተረከበውም ፖሊስ የመዝገቡን ቍጥራዊ ማኅተም በኮምፒዩተር ማውጣት ይችላል፤ ይህም ማኅተም ከሥዕሉ አንዲት ነጥብ እንኳ ብትለወጥ የሚለወጥ ረጅም ቍጥር ነው። በደብዳቤ ላይ ያለ ሰም ደብዳቤው አለመከፈቱን እንደሚመሰክር፥ ይህም ቍጥር ሥዕሉ ከርክክቡ በኋላ አለመነካቱን ይመሰክራል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን የፍትሕን ሰው ሊያሳስበው የሚገባ አንድ ነገር አለ። መሣሪያውን የሚገዛው መኪና ያለው ሰው ነው፤ በአዲስ አበባ መንገዶች በአደጋ ከሚሞቱት ሰዎች መካከል የሚበዙት ግን እግረኞች ናቸው። እግረኛ በደረቱ ላይ መሣሪያ ተክሎ አይሄድም፤ የሞተም እንደ ሆነ ቃሉን የሚሰጥለት የለም። ሥዕሉ ለባለቤቱ ሲረዳው የሚወጣ፥ ሲመሰክርበት ግን በኪሱ የሚቀር ከሆነ፥ አዲሱ ጥበብ ለባለጸጋው ጠበቃ ለድኻው ባላጋራ ሆነ ማለት ነው። እማኝ ለጠራው ብቻ የሚመሰክር ከሆነ እማኝ አይባልም። ስለዚህ ሰው በተጐዳበት ወይም በሞተበት አደጋ ላይ መሣሪያው በመኪናው ላይ መኖሩ የታየ እንደ ሆነ፥ ካርዲቱ በሕግ ሥርዐት መሠረት ወዲያው እንድትያዝና እንድትጠበቅ ሊሆን ይገባል። የደመሰሳትም ሰው ማስረጃ እንዳጠፋ ሊጠየቅ ይገባል።

የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በዚህ በኩል ሌላ መንገድ ጨምረዋል። ባወጡት ደንብ መሠረት ከሰኔ 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ ዐይነት በሚሠሩ መኪናዎች፥ ከሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በሚሸጡት አዳዲስ መኪናዎች ሁሉ፥ የአደጋን ሁኔታ የሚመዘግብ መሣሪያ እንዲኖር ታዝዟል። ይህ መሣሪያ ሥዕል አያነሣም፤ ከግጭቱ በፊትና በኋላ ያሉትን ጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ይዞ የመኪናውን ፍጥነትና ፍሬኑ መያዙን ያስቀምጣል። ነጂው የማን ወገን እንደ ሆነ አያውቅም፤ የመንገደኛውንም ፊት አያይም። የመንገደኛው ምስጢርና የፍርዱ እውነት አብረው ሊጠበቁ እንደሚችሉ ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

በችሎት ሊታይ የሚገባው ሥዕል በአደባባይ ሲዞር ደግሞ ሌላ ጕዳት ያመጣል። አደጋ በደረሰ በሰዓቱ ውስጥ ሥዕሉን በኢንተርኔት መበተን እየተለመደ ሄዷል። ዳኛ ሳይቀመጥ፥ ተከሳሽ ሳይጠየቅ፥ ሺህ ሰው ይፈርዳል። ከዚህም የከፋው የሟቹ እናት የልጇን መጨረሻ በማታውቀው ሰው ስልክ ላይ ማየቷ ነው። እውነትን ለዳኛ ማቅረብ የዜግነት ግዴታ ነው፤ የሰውን ሬሳ ለመዝናኛ ማዞር ግን ነውር ነው። ሁለቱን መለየት የሕጉም የሕዝቡም ሥራ ነው።

በዚህ ነገር ካህናትና ሽማግሎችም ድርሻ አላቸው። በመኪና አደጋ ሰው በሞተ ጊዜ የሟቹን ወገንና የነጂውን ወገን ለማስታረቅ የሚላኩት አብዛኛውን ጊዜ እነርሱ ናቸውና። ዕርቅ በእውነት ላይ ሲቆም ይጸናል፤ በጥርጣሬ ላይ የቆመ ግን ቂሙን ይዞ ያድራል። የሟቹ ወገኖች ነጂው ሰክሮ ነበር የሚል ወሬ ሰምተው በልባቸው ሲቃጠሉ፥ ሥዕሉን ያየ የታመነ ሽማግሌ የሆነውን በለዘበ ቃል ቢነግራቸው ቍጣው ሊበርድ ይችላል። ነጂው ጥፋተኛ ሆኖ ሳለ አላጠፋሁም ብሎ ሲክድም፥ ያው ሥዕል ወደ ንስሓ ሊመልሰው ይችላል። ዳሩ ግን ሥዕሉን ላዘነተኛ ማሳየት ቍስልን መልሶ መክፈት ስለ ሆነ፥ ማየት ያለበት የሚያስታርቀው እንጂ የሚያለቅሰው አይደለም።

እንግዲህ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ሊያደርጉት የሚገባው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። አንደኛ፥ የትራፊክ ፖሊስ በአደጋ ቦታ ደርሶ ርቀቱን ለክቶ ፕላን ሲያነሣ፥ በተጋጩት መኪናዎችና በአካባቢው ባሉ ሕንፃዎች ላይ መቅረጫ መሣሪያ መኖር አለመኖሩን መጠየቅና በመዝገቡ መጻፍ የሥራው አንድ ክፍል ይሁን። ሁለተኛ፥ የካርዲቱ ርክክብ፥ አስተሻሸግና አቀማመጥ በአንድ መመሪያ ይወሰን፤ ለባለቤቱም ደረሰኝ ይሰጠው። ሦስተኛ፥ ሥዕሉ በችሎት ሲቀርብ ሁለቱም ወገኖች ሙሉውን እንዲያዩና እንዲቃወሙ ጊዜ ይሰጣቸው። አራተኛ፥ መሣሪያውን የሚተክል ሰው አጭር ጊዜ ብቻ እንዲያኖር አድርጎ ያስተካክለው፤ በመኪናው ውስጥ ለሚሳፈሩትም መሣሪያው ድምፅ የሚቀርጽ እንደ ሆነ ያስታውቅ። አምስተኛ፥ የመድን ድርጅቶች እንዲህ ያለውን ማስረጃ ተቀብለው ካሣውን ቶሎ ቢከፍሉ፥ በትንሽ ግጭት የተነሣ ዓመት የሚፈጅ ሙግት ይቀርላቸዋል።

ይህ ሁሉ ሲደረግ ግን መሣሪያው በዳኛው ወንበር ላይ እንዳይቀመጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሥዕሉ አንዱ እማኝ ነው፤ ከሌሎቹ እማኞች፥ ከፍሬኑ ምልክት፥ ከመኪናው ስብራት፥ ከሐኪሙ ወረቀት ጋር ተመሳክሮ ይመዘን። የሰው እማኝ በመስቀለኛ ጥያቄ እንደሚፈተን እርሱም በዐዋቂ ይፈተን። መሣሪያው መኪናው ወደ ግራ መታጠፉን ያሳያል፤ ነጂው የታጠፈው ሕፃን ለማዳን ይሁን በስንፍና ይሁን ግን አይናገርም። አሳብን መመርመር፥ ጥፋትን ከመከራ መለየት፥ ቅጣትን ከምሕረት ጋር ማመዛዘን የዳኛ ሥራ ሆኖ ይኖራል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እስኪነጋ ድረስ ግን ስንቱ ያለ ጥፋቱ ግማሽ ዕዳ ተሸክሟል፤ ስንቱስ ጥፋቱን በግማሽ ዋጋ ሸጧል። ንጋቱን የሚያፋጥን መሣሪያ በእጅ ሲገባ፥ በሥርዐት ተቀብሎ በፍትሕ ሥራ ላይ ማዋል ሕግ ለተሰጣቸው ሰዎች የተተወ ዐደራ ነው።